ለአርብ የተቀጠረ አደጋ

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቱ ይብረድልህና ጻፍ ያሉኝ ነበሩ። እኔ ግን የበረደ ንዴትና የበረደ ሽሮ አልወድም፤ ሁለቱም ቆዳ ያበጃሉ።

በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ራሴው ልናገር፤ ሌላ ሰው ቢናገርልኝ ያሳንሰኛል። ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ከተማ በታች ባለው ቁልቁለት የምኖር፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ የተማርኩ ሽማግሌ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጠጅ ቤት ውስጥ ነው። የጠጅ ቤቱ የጭቃ ግድግዳ ጋዜጣ ተለጥፎበት ነበር፤ ለጣፊው ማንበብ የማይችል ሰው ስለነበረ ግማሹን ዘቅዝቆ ለጥፎታል። ሌላው ሰው ብርሌውን ሲያይ እኔ ግድግዳውን አይ ነበር። በዚህ የተነሳ ቀጥ ያለውንም የተዘቀዘቀውንም ጽሑፍ እኩል አነባለሁ። ዲግሪ አለን የሚሉ ልጆችን ወረቀት ዘቅዝቄ ሰጥቼ ፈትኛቸዋለሁ፤ አንገታቸውን እንደ ዶሮ ጠምዝዘው ጠምዝዘው በመጨረሻ ወረቀቱን ያዞሩታል። ወረቀት አዙሮ ማንበብማ ማን ያቅተዋል? ይህን ችሎታዬን ያዙልኝ፤ ኋላ ይፈለጋል።

ከፊደል ወዲህ ሬዲዮ መጠገን፣ ጥርስ መንቀል፣ ንብ ማነብና ሕግ መተርጎም ራሴን አስተምሬያለሁ። ከጠገንኳቸው ሬዲዮዎች አንዳንዶቹ አይናገሩም፤ እሱ የሬዲዮዎቹ ጠባይ ነው።

ዋናው ሙያዬ ግን የቃሬዛ ዳኝነት ነው። በእኛ አገር መኪና የማይደርስበት ቁልቁለት ብዙ ነው። እዚያ ሰው ሲታመም ወይም እናት ምጥ ሲጠናባት፣ በሁለት የባሕር ዛፍ አጣና መካከል በጠፍር በተሠራ ቃሬዛ ላይ ተኝታ በሰው ትከሻ ወደ ከተማ ትወጣለች። ለዚህ ሥራ ማኅበር አለን፤ ዳኛው እኔ ነኝ፤ ቃሬዛውም የሚያድረው እኔ ቤት ነው። ጡሩምባው የሚነፋው በእኔ ቃል ነው። ዳገት ሲሆን ረጃጅሞቹ ከኋላ፣ አጫጭሮቹ ከፊት ይሆናሉ፤ ቁልቁለት ሲሆን ይገለበጣል። አለዚያ በሽተኛው በጭንቅላቱ ቁልቁል ይወርዳል። ይህን በመጽሐፍ አላየሁትም፤ ራሴ አሰብኩት።

ማኅበሩ ከእኔ የቀደመ አንድ ሕግ አለው። ቃሬዛ መንገድ ላይ ያገኘ ሰው የያዘውን አስቀምጦ ትከሻውን ያስገባል። ዘመድ ይሁን ባዳ፣ የታመመው ማን ይሁን ማን፣ አይጠይቅም። የሚተካውም “አይ፣ እኔ ገና አልደከመኝም” አይልም፤ እንዲያ ማለት የሰውን ትከሻ መናቅ ነው። አስረክቦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። እንዲህ እየተቀባበለ ነው አገሩ የቆየው። ልጆቹን ሁሉ ይህን ሕግ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ያኔ ለራሴ ጉድጓድ እየቆፈርኩ መሆኑን ምን አውቄ።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ በሰላም ስንኖር፣ ከከተማ በነጭ መኪና አሰልጣኞች መጡ። ክረምት ሲገባ ናዳ ያሰጋል፣ ስለዚህ ለድንገተኛ አደጋ የሕክምና ቡድን የአመራር ስልጠና ይሰጣል ተባለ። የጤና ጣቢያው ሠራተኞች በሙሉ፣ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶችና እኛ የቃሬዛ ሰዎች ተጠራን። ዋናው አሰልጣኝ ጢሙን እንደ ድንበር ያሰመረ ወጣት ነው፤ አንገቱ ላይ ፊሽካ፣ እጁ ላይ የድምፅ ማጉያ አለው። ከስልጠናው በኋላ በልምምዱ የበለጠ የመራው ሰው የአካባቢው የአደጋ ቡድን መሪ ይሆናል አለ። ቡድኑ ማለት ሐኪሞቹ፣ ወጣቶቹና ቃሬዛው ናቸው።

ቃሬዛው! የእኔ ቃሬዛ እኮ ነው። የራሴን ወንበር በፈተና እንድወዳደርበት ሆነ ማለት ነው። የዚያን ዕለት እራቴን አልበላሁም። ባለቤቴ፣ “ሹመት እንዲህ ከሆዱ የሚገባበት ሰው አላየሁም” አለች፤ ደግሞም ሳይደርስ አደጋን መጫወት ሟርት ነው ብላ አማተበች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ለውድድሩ የቀረብነው ሦስት ነን። አንደኛዋ የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ትርንጎ ናት። የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ሕፃን ሳለች ኩፍኝ ጠንቶባት በእኔ ቃሬዛ፣ በእኔ ትእዛዝ ነው ከተማ የወጣችው። አሁን የተወዳደረችው ከማን ጋር እንደሆነ ልብ በሉልኝ። ሁለተኛው ምክትሌ አያ ጥጋቡ ነው። ጥጋቡ አብሮ አደጌ ነው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እኔ ያልኩትን ሁሉ ትንሽ ለውጦ እንደገና ይናገረዋል፤ ሰዉም የእሱን ይሰማል። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ሦስተኛ ያልኩት ለትሕትና ነው።

ስልጠናው መጀመሪያ በአዳራሽ ነበር። አሰልጣኙ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራ፣ ጥሩ መሪ ማለት የሚያዳምጥ ነው አለ። ተነሣሁና፣ መሪው ካዳመጠ ተናጋሪው ማን ሊሆን ነው ብዬ ጠየቅኩት። አመስግኖ ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈ። አደጋ የሚመራው ሰው ኮማንደር ይባላል አለ። ኮማንደርስ ፖሊስ ጣቢያ አለን፤ ደግ ሰው ነው፤ ናዳ ግን አስሮ አያውቅም አልኩት። ለዚህም አመሰገነኝ። ሰው ሳይሰማኝ ሲያመሰግነኝ ይህን ያህል እንደሚያናድደኝ አላውቅም ነበር።

ከዚያ የተግባር ልምምዱ አርብ ጠዋት ይደረጋል አለ። ከከተማው በታች ባለው ሸለቆ አውቶቡስ ላይ ናዳ እንደወረደ ይቆጠራል፤ ተጎጂዎች ከሸለቆው ወጥተው፣ የእግር መንገዱን ተሻግረው፣ መስኩ ላይ ወደተተከለው የሕክምና ድንኳን ይወሰዳሉ።

እጄን አነሣሁ። “ልጄ፣ ያለንበት ከተማ ስሙ ማን ነው?”

“አርብ ገበያ ነው፣ አባባ።”

“ታዲያ አርብ ምን የሚኖር ይመስልሃል?”

“እሱን ችግር በዕቅዱ ውስጥ አካተነዋል” አለኝ። አርብ ጠዋት በዚያ የእግር መንገድ ላይ የሚፈሰውን ሰውና አህያ በዕቅድ ውስጥ ያካተተ ሰው እስከ ዛሬ አልተወለደም።

የመምራቱ ተራ ተደለደለ። ጠዋት ትርንጎ፣ ቀጥሎ ጥጋቡ፣ ከሰዓት በኋላ እኔ። የማይመራ ሰው ተራው እስኪደርስ ተጎጂ ሆኖ ይሠራል። አሰልጣኙ እኔን አየት አደረገና ዕድሜዬ ለተጎጂነት እንደሚመች ነገረኝ። ልጆቹንም አስጠነቀቃቸው፤ ልምምዱ ከተጀመረ በኋላ ልምምድ ነው ማለት ክልክል ነው፤ ማንም ቢጠይቃችሁ እውነት ነው በሉ፤ ሁላችሁም እውነት ነው ብላችሁ ያዙት። ይህችን ትእዛዝ ያዙልኝ። የናዳው ሁሉ ናዳ ከዚች ነው የመጣው።

አርብ ማለዳ ሸለቆው ውስጥ ድንጋይ ላይ አጋደሙኝ። ደም ነው ብለው ደረቴና ጢሜ ላይ ቀይ ቀለም አፈሰሱ። የአጥር በር ቀለም ትራፊ ይመስለኛል፤ ጢሜ እስከ ዛሬ የቀይ ዶሮ ላባ እንደመሰለ ነው። ጥጋቡ ገና አልመጣም ነበር። ፈርቶ ቀረ ብዬ ደስ አለኝ።

ፊሽካ ተነፋ። ትርንጎ አንጸባራቂ ሰደርያዋን ለብሳ ወረደች። በእጇ ባለ ቀለም ካርዶች አሉ። አረንጓዴው መራመድ ለሚችል ነው፤ ቢጫው ትንሽ መታገሥ ለሚችል፤ ቀዩ አሁኑኑ ለሚነሣ። እኔ ዘንድ ደርሳ፣ አሰልጣኙ ስለ ጉዳቴ ጽፎ ኪሴ ውስጥ የከተተውን አነበበችና አንገቴ ላይ ጥቁር ካርድ አሰረች።

“ይሄ ምንድን ነው?” አልኳት።

“አባባ፣ እርስዎ ሞተዋል።”

“ማን ገደለኝ?”

“ናዳው ነዋ። የሞተ ሰው ደግሞ አይናገርም። እባክዎ፣ ሌሎቹን ላንሣ።”

ብላኝ አለፈች። እኔን ትታ፣ እጁ ወለም አለው የተባለ፣ ጉንጩ ከፊቱ ቀድሞ የሚሄድ አንድ ኮርማ የሚያህል ጎረምሳ አስነሣች። በምን? በእኔ ቃሬዛ! እኔ ድንጋይ ላይ ሞቼ፣ ያ ጎረምሳ በእኔ ጠፍር ላይ እንደ ሙሽራ እየተወዛወዘ ሲሄድ አየሁት። የሚያናድደኝ ሞቴ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ይሞታል። የሚያናድደኝ ዳገቱን ሲወጡ ረጃጅሞቹን ከፊት ማድረጋቸው ነው።

ቃሬዛው ተመልሶ ሲመጣ አራቱን ልጆች ጠራኋቸው። ትርንጎ ከወዲያ ጥግ ናት። “ቃሬዛው የማን ነው?” አልኳቸው። የእርስዎ ነው አሉ። “ዳኛውስ?” እርስዎ ነዎት አሉ። “እንግዲያው አንሡኝ።” እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ፣ እርስዎ እኮ ሞተዋል፣ የሞተ መጨረሻ ነው የሚነሣው ለማለት ሞከረ። ከማኅበሩ ላባርረው እንደምችል አስታወስኩት። አነሡኝ። አሰልጣኞቹ ያመጡትን እንደ ሥጋ ጥቅል የሚያብረቀርቅ ስስ ብርድ ልብስ ጠቀለሉብኝ፤ እጄንም ከውስጥ አድርገው በሰፋፊ ቀበቶ ጠፈሩኝ። ቀበቶው የሚፈታው ከውጭ ነው። ይህን ያወቅኩት ለመፍታት ስሞክር ነው።

ከሸለቆው ወጥተን የእግር መንገዱን ልንሻገር ስንል ገበያተኛው መጣ። መንገዱ በሰው፣ በአህያ፣ በበግና በጆንያ ሞልቶ ወደ ከተማው ይጎርፋል። መጀመሪያ ያየን በግ የሚጎትት አንድ ደልዳላ ሰው ነው። የበጉን ገመድ አጠገቡ ለነበረች ሴት ሰጠና፣ “አምጣ ልጄ፣ እረፍ” ብሎ ትከሻውን አስገባ። ሌሎችም ጆንያቸውን አህያ ላይ እየጫኑ ገቡ። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ አራቱም ልጆች ተተክተው መንገድ ዳር ቆመዋል። ሕጉ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል፤ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ አይሆንም ማለት አልቻሉም። አንደኛው ብቻ እየተንተባተበ፣ ወደ ድንኳኑ ነው የምንወስዳቸው አለ።

ባለ በጉ ሰውዬ ገላመጠው። “ሰውዬው ገና ትንፋሽ እያለው ድንኳን? ምን ዓይነት ጊዜ መጣ?”

ልጁ አፍሮ አንገቱን ደፋ። ልምምድ ነው እንዳይል ተከልክሏል። እነሱም እኔን ይዘው ፊታቸውን ወደ ከተማው ዳገት አዞሩ።

“አውርዱኝ” አልኳቸው። “ጤነኛ ነኝ።”

“አይዞዎት አባቴ” አለኝ ባለ በጉ። “የኔም አባት ሊያርፍ ሲል እንዲሁ ጤነኛ ነኝ ይል ነበር።”

“ልምምድ ነው እላችኋለሁ!”

“ምን አሉ?” አለ ከኋላ ያለው።

“ልምምድ ነው ይላሉ።”

“አሃ፣ ቅዠቱ ጀመራቸው።”

ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ሁሉ በበሽታዬ ላይ ተደመረ። ስጮህ ትኩሳት ነው አሉ። ዝም ስል እየደከሙ ነው አሉ። ስለዚያ የሚያብረቀርቅ ብርድ ልብስ ተከራከሩ፤ አንዱ አዲስ የመጣ ተላላፊ በሽታ ሳይሆን አይቀርም ሲል ሁሉም ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ቃሬዛውን ግን አልለቀቁም። ይህን ለአገሬ ሰው አደንቅለታለሁ፤ እየተናደድኩም አደንቅለታለሁ። በጉን የያዘችው ሴት ደግሞ ምች ነው አለች። ለገበያ የያዘችው ዳማከሴ ነበራት። ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ፣ እጄ መታሰሩን አይታ፣ በሁለቱም አፍንጫዬ ጨመቀችልኝ። ዳማከሴ አፍንጫው የገባ ሰው ስለ ራሱ ማስረዳት አይችልም። እንባዬ ወረደ። “አለቀሱ፤ ኑዛዜ ሊያደርጉ ነው” አለች።

ቀጥሎ ክርክሩ ወዴት እንውሰዳቸው ሆነ። ግማሹ ጸበል ይሻላል አለ፤ ጸበሉ ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እዚያ ከሄድኩ የከሰዓቱ ተራዬ አለቀለት፤ ትርንጎ ወይም ጥጋቡ ቃሬዛዬን ወሰደ ማለት ነው። ጤና ጣቢያ ከሄድን ግን የሚያውቀኝ ሰው ፈትቶኝ፣ ሮጬም ቢሆን እመለሳለሁ። ስለዚህ ባለኝ ድምፅ “ጤና ጣቢያ! ጤና ጣቢያ ውሰዱኝ!” አልኩ።

“አያችሁ” አለ ባለ በጉ፤ “መታመማቸውን አመኑ።”

ዳገቱ ሲጀምር ግን እኔም ትዕግሥቴ አለቀ። ረጃጅሞቹን ከፊት አድርገው ጭንቅላቴን ቁልቁል ለቀቁት፤ ደሜ ሁሉ ግንባሬ ላይ ተሰበሰበ። ሞትኩም አልሞትኩም፣ ቃሬዛ በሥርዓቱ ካልሄደ አልወድም። “አንተ ረጅሙ፣ ወደ ኋላ! አጭሩ ወደ ፊት! እርምጃ አታምታቱ! ግራ አትበሉ፣ ማጥ አለ!” እያልኩ ማዘዝ ጀመርኩ። ታዘዙ። እንዴት እንደሄድን ልንገራችሁ፤ በሕይወቴ ካዘዝኳቸው ጉዞዎች ሁሉ እንደዚያ የቀና የለም። አንዱ ሲደክም ሌላው ሲተካ፣ ቃሬዛው እንደ ታንኳ ተንሳፈፈ። ባሰብኩት አቅጣጫ አለመሄዱ ብቻ ነው ጉድለቱ።

ጤና ጣቢያው በር ስንደርስ ቃሬዛውን አዙረው በራስጌዬ በኩል ቀድመው ስላስቀመጡኝ ጭንቅላቴ ዘቅዝቆ ቀረ። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ተገልብጦ ታየኝ። ማንም ሳያነበው እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ ሠራተኞቻችን ለአደጋ ጊዜ ስልጠና ስለወጡ ለዛሬ አገልግሎት የለም።

ዘበኛው ብቅ አለ። ሁሉም ወደ ናዳው ወርደዋል፤ ብዙ ሰው አልቋል ይባላል አለን። እግዚአብሔር ያሳያችሁ። አደጋ ሲደርስ እንዴት እንደሚታከም ለመለማመድ፣ የሚያክመው ሁሉ ሄዷል። አሁን ይሄ አያናድድም?

ያኔ ከአጥሩ ጥግ አንድ ድምፅ መጣ። “ይሄ ጩኸት የማውቀው ነው።”

አያ ጥጋቡ ነው። አዲስ ኮት ለብሶ፣ አንድ እግሩን ዘርግቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። መሪ በበቅሎ ሲመጣ ያምራል ብሎ ከሰው በቅሎ ተውሶ፣ ገና ከተማው መግቢያ ላይ ባጃጅ ጡሩምባ ሲነፋባት በቅሎይቱ ወርውራዋለች። ቅልጥሙ ተሰብሯል። ሁለት መንገደኞች ደግፈው እዚህ አድርሰውት ወደ ገበያቸው ሄደዋል።

“ምን ሆንክ?” አለኝ።

“ሞቻለሁ” አልኩት። “አንተስ?”

“ተሰብሬያለሁ።”

“ደግ።”

ዘበኛው ቀበቶዬን ፈታልኝ። ብድግ ስል ተሸካሚዎቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ያቺ ሴት አማተበች። ከዚያ ጤነኛ መሆኔ ሲገባቸው ድንጋጤያቸው ወደ ቁጣ ዞረ። ባለ በጉ፣ ገበያዬን ትቼ ጤነኛ ሽማግሌ ተሸክሜ ዳገት ወጣሁ ብሎ በትሩን ፈለገ። እኔም ጮህኩበት፤ ጤነኛ ነኝ ብዬ ከታች ጀምሬ ስናገር አልነበረም? እውነት የተናገረ ሰው ስለ እውነቱ የሚመታው በየትኛው አገር ነው?

ጥጋቡን እንሸከመው ስላቸው፣ “ይሄም እንደ እርስዎ ነው” ብለው እምቢ አሉ። ኮት የለበሰ በሽተኛ አናምንም አለ አንዱ። ባለ በጉ ቀረብ ብሎ የጥጋቡን እግር በበትሩ ጫፍ ነካ ሲያደርገው፣ ጥጋቡ ያሰማው ጩኸት ገበያውን ዝም አሰኘው። አመኑ። የእኔን ጩኸት ግን ማንም እንዲህ አላመነውም፤ ይህንንም አልረሳም።

ጥጋቡን እኔ በተኛሁበት ላይ አጋድመን ቁልቁል ወረድን። ሐኪም ያለው እዚያ ድንኳን ነውና ሌላ ምን ምርጫ አለ? እኔ ከጎን እየሄድኩ አዛለሁ፤ ጥጋቡም ተኝቶ ያዛል፤ እኔ ያልኩትን ትንሽ ለውጦ። እኔ አጫጭሮቹ ወደ ኋላ ስል፣ እሱ ከኋላ ያሉት አጫጭሮቹ ይሁኑ ይላል። ሰዎቹም የእሱን ይሰማሉ። እግሩ ባይሰበር ኖሮ እሰብረው ነበር።

ድንኳኑ ዘንድ ስንደርስ አሰልጣኙ እየሮጠ መጣ። አንድ አስከሬን ጠፍቶበት ሲፈልግ ነበር። ጥጋቡን ሲያይ ፊቱ በራ። ጎንበስ ብሎ እግሩን ተመለከተና አደነቀ፤ እንዲህ ያለ ሜካፕ በከተማም አላየሁም አለ። ቢጫ ካርድ አሰረለትና ከወለምታው ጎረምሳ ቀጥሎ ተራ እንዲጠብቅ አደረገው።

“ይሄ እውነት ነው” አልኩት።

“በጣም ጥሩ፣ አባባ፤ እንዲሁ ይቀጥሉ” አለኝ።

እውነት ነው ብዬ ወደ ሐኪሞቹ ጮህኩ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ እውነት ነው፣ እውነት ነው ሲል ውሏል፤ እንዲያ በሉ ተብሏልና። የእኔዋ እውነት ከእነሱ ጋር ተቀላቅላ ጠፋች። ጎረምሳው እንኳ ሞቅ ብሎት ከእኔ በላይ ጮኸ። ወደ ጥጋቡ ዞር አልኩና፣ “አየህ፣ አንተ በበቅሎ ልምራ ስትል” አልኩት። አልመለሰልኝም። ጥጋቡ ካወቅኩት ጀምሮ ላልኩት ነገር መልስ ሳይሰጠኝ ያደረበት ቀን የለም። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ያ ሰው ከሞተ እኔ ከማን ጋር ልጣላ ነው?

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። “ትርንጎ!” ብቻ አልኩ።

መጣች። ካርዱን አላየችም፤ እኔንም አላየችኝም። ጫማውን በመቀስ ቀደደችና የእግሩን ጣቶች ያዘች። ቀና ስትል ፊቷ ሌላ ሰው ሆኗል።

“ልምምዱ ቆሟል” አለች። አልጮኸችም፤ ግን ሁሉም ሰማ። አሰልጣኙ የድምፅ ማጉያውን አንሥቶ ገና ሰዓቱ አልደረሰም ሲል፣ ከእጁ ወስዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው። “መኪናውን አምጣ፤ ለማሳመሪያ የተሰቀለበትን ባንዲራ ሁሉ አውርድለት። አንተ ግሉኮሱን አንጠልጥል። አንቺ ደም ግፊቱን ለኪ።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “አባባ፣ ዝም ይበሉና እግሩን እዚህ ጋ ይያዙ። ልቀቁ ሳልልዎት እንዳይለቁ።”

ዝም ይበሉ። በእኔ ቃሬዛ ወደ ሕይወት የወጣች ልጅ፣ አገር በተሰበሰበበት። አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ የጥጋቡን ከንፈር አየሁና ዘጋሁት። እግሩን ያዝኩ። እሷ አጥንቱን ስታቀናና በጣውላ ስታስር፣ ጥጋቡ ጥርሱን እያፋጨ የእኔን አባት ከነአያቴ ሰደበ፤ ስድቡን ስሰማ እፎይ አልኩ። ወደ ጣቶቹ ቀስ በቀስ ደም ተመለሰ። ልቀቁ እስክትል አለቀቅኩም። ከዚያ በመኪና ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተወሰደ። ትንሽ ቢዘገይ እግሩ ይቆረጥ ነበር ብለዋል። እግሩ አለ፤ ምላሱም አለ።

አሁን ወደ ንዴቴ ልመለስ፤ የራቅኩበት እንዳይመስላችሁ። ከሰዓት በኋላ፣ ማለትም የእኔ ተራ በነበረበት ሰዓት፣ አሰልጣኙ ሰዉን ሁሉ ሰብስቦ ልምምዱ እንዳበቃ ተናገረ። ተራዬስ ስለው በሚቀጥለው ዓመት አለኝ። ለእኔ ዕድሜ ላለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ይባላል? ከዚያ ገበያተኞቹን ወደ ፊት ጠርቶ፣ ቃሬዛው ዳገት ወጥቶ ቁልቁል እስኪመለስ በዚያ ፍጥነት የመራችሁ ማን ነው ሲል ጠየቃቸው። እኔ ጋቢዬን አስተካከልኩ። ባለ በጉ ሰውዬ አገጩን አከከ።

“መሪ አልነበረንም” አለ። “ተቀባበልን እንጂ። በሽተኞቹ ግን ብዙ ይናገሩ ነበር።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ትርንጎ የቡድኑ መሪ ተባለች፤ ተጨበጨበላት። አላጨበጨብኩም። እጄ ከመያዝ ብዛት ደንዝዞ ነበር፤ ባይደነዝዝም አላጨበጭብም ነበር። ቃሬዛው ከእንግዲህ ጤና ጣቢያው መጋዘን ውስጥ እንዲቀመጥ ተወሰነ። እኔም ማንንም ሳልሰናበት ወደ ቤቴ ወረድኩ። ባለቤቴ ጢሜን አይታ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ይህ በእሷ ዘንድ ትልቅ ርኅራኄ ነው።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ትርንጎ በደጄ መጣች። አራቱ ልጆች ከኋላዋ ቃሬዛውን ተሸክመዋል።

“መጋዘን ይግባ አልተባለም?” አልኳት።

“መጋዘኑ ቁልፍ አለው” አለችኝ። “ቁልፉን የያዘው ሰው ደግሞ ስልጠና ይሄዳል። እርስዎ የትም አይሄዱም።”

ይህ ክብር ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ እያሰብኩበት ነው። “ልታዢኝ ነው የመጣሽ?” አልኳት።

“አዎ፣ አባባ። በሩ በተንኳኳ ሰዓት ቃሬዛው ከእርስዎ እጅ ይውጣ። መንገድ ላይም ይምሩት። ሐኪሙ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ግን የምናገረው እኔ ነኝ።”

ጥሩ መሪ ያዳምጣል ያለው ያ ባለ ፊሽካ ትዝ ሲለኝ እንደገና ተናደድኩ። “ቃሬዛውን በጠፍሩ በኩል ወደ ግድግዳው አዙራችሁ አቁሙት” አልኳቸው ልጆቹን፤ “ጠል ያበላሸዋል።”

ጥጋቡ ከሆስፒታል ተመልሷል። ልጠይቀው ስሄድ፣ ለጎብኚዎቹ ሁሉ ቃሬዛውን ቁልቁል የመራሁት ተኝቼ ነው እያለ ያወራል። ይበል። እኔ “ሟች” የሚል የተጻፈበትን ጥቁሩን ካርድ አልመለስኩም፤ ከቃሬዛው በላይ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ እኔ ብቻ እንዳነበው ዘቅዝቄ። ጥጋቡ በተሰበረ እግር መርቶ ይሆናል። ከጋይንት እስከ ስማዳ፣ ከስማዳ እስከ እስቴ፣ ከሞተ በኋላ ዳገት ሙሉ የገዛ ቃሬዛውን የመራ ሰው ካለ ግን ይምጣና ይከራከረኝ።